አንቀልባውን ያወጣችው ልጅ

በአንድ ወቅት ሰንበሌጥ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ሙዚየም በአንድ አጥር ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ጎረቤት ናቸው ማለት ይከብዳል። ጎረቤት ቢያንስ እሳት ይጫጫራል፤ እነዚህ ግን እንደተኳረፉ ሰዎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ወደ ሙዚየሙ የሚገቡት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በአንዱ በር ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ምን አየህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ "የፊቴን ልጅ ማጅራት" ብሎ የመለሰ ተማሪ ነበር ይባላል።

ሙዚየሙን የሚይዙት አቶ ሽባባው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከተማው ሊጥላቸው ሲል ለቅመው ያተረፏቸውን አሮጌ ዕቃዎች እንደ ልጆቻቸው ይወዷቸው ነበር። ሕያዋኑን ልጆች ግን ከሩቅ ሲያዩ የመስታወቱን ቁልፍ ከኪሳቸው ይዳብሱ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። መምህር ይመኑ ይባላል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባና አቶ ሽባባውን በራቸው ላይ አገኛቸው።

"ጋሼ፣ ልጆቹ የእርስዎን ዕቃዎች አይወዷቸውም" አላቸው።

"አይውደዷቸው። ብቻ አይንኩብኝ።"

"የራሳቸውን ከቤታቸው ያምጡ እንግዲህ። እርስዎ ያጽዱላቸው፣ በወግ ያስቀምጡላቸው። እነሱ ደግሞ ዕቃቸው አጠገብ ቆመው ለሰው ይናገሩ። ትምህርቱን እኔ እሰጣለሁ፣ ቤቱን እርስዎ ይስጡ።"

አቶ ሽባባው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው ዳበሱ። ከዚያ፣ "ሲናገሩ እጃቸውን የት ያደርጉታል?" ብለው ጠየቁ።

መምህር ይመኑ ይህ መስማማት መሆኑ ገባው። ትምህርት ቤቱና ሙዚየሙ እሳት መጫጫር የጀመሩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ እንዲህ አለ፦ "ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ዕቃ አምጡ። እናታችሁ የምትሠራበትን እንዳታመጡብኝ፣ ትገርፈኛለች። ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን አምጡ።"

በዚያ ክፍል ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ትርንጎ ዓይን አፋር ነበረች። ስሟ ሲጠራ "አቤት" የምትለው ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ስለሆነ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳለ ቀርታለች የተባለችበት ቀን ብዙ ነው። ልጅ ሆና አባቷን ስላጣች ቤታቸው ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ እንደ ልጇ ዝምተኛ ናት። ጉልት ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ስትሸጥ እንኳ አትጣራም፣ ገዢ እስኪያያት ትጠብቃለች።

መምህሩ ተናግሮ ሲጨርስ አዳሙ የሚባል ቀልደኛ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እኛ ቤት አሮጌ ዕቃ የለም። ትርንጎን ልውሰዳት? እሷም ዝም ብላ ትቆማለች።"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትርንጎም ሳቀች። በተሳቀበት ነገር አብሮ ካልሳቁ ይብሳል። ግን ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ማንም ያላመጣውን ዕቃ አመጣለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

ቤታቸው ውስጥ፣ ከጎታው ኋላ፣ በጆንያ የተጠቀለለ አንቀልባ ነበረ። ትርንጎ ራሷ ሕፃን ሳለች የታዘለችበት ነው። የቆዳ አንቀልባ ነው፤ በዳርና ዳሩ ዛጎል ተሰክቶበታል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱን ጎን ብል በልቶታል። ከማዘያ ጠፍሮቹ አንዱ ተበጥሶ፣ መልሶ ተቋጥሯል። ቋጠሮው የሚያምር አይደለም። ወፍራምና ጠማማ ነው፣ የተቻኮለ ሰው የቋጠረው ይመስላል። ከዚህ በላይ ሥራ የፈታ ዕቃ ከየት ይመጣል? ትርንጎ እናቷ ጉልት ሳለች አንቀልባውን ከነጆንያው ወሰደችው።

ማታ እነግራታለሁ ብላ ነበር። ማታ እናቷ እግሯን አሟት ገባች፤ ትርንጎ ውኃ አሞቀችላትና ሳትነግራት ቀረች። በማግስቱም ነገ አለች። እነዚህ እናትና ልጅ ብዙ ነገር በዝምታ ይግባባሉ፤ ይህንንም በዝምታ የተናገረች መሰላት።

አቶ ሽባባው አንቀልባውን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉት።

"እንዲህ ያለ የዛጎል አሰካክ ካየሁ ዘመኔ ነው" አሉ። "ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ብሉ ይጨርሰው ነበር። ልጄ፣ በጊዜ ነው ያደረስሽው።"

እኚህ ሰው ልጆችን ማክበር የጀመሩት ዘግይተው ነው። ከጀመሩ በኋላ ግን ማንኛውንም ዕቃ ያመጣውን ልጅ ሳይጠይቁ አይነኩም ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ዕቃ ዕቃቸውን ታቅፈው ከኋላ ተሰልፈዋል። አቶ ሽባባው ጣታቸውን ጠፍሩ ላይ አሳረፉ።

"ይህ ቋጠሮስ? ነገር አለው? ወይስ እንዲሁ ነው?"

ትርንጎ አላወቀችም። እናቴን ልጠይቅ ብትል፣ ሳትጠይቅ ማምጣቷ ይታወቅባታል። ዝም ብትል አዳሙ ከኋላዋ አለ። ስለዚህ፣ ዓመቱን ሙሉ ተናግራ በማታውቀው ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ፣ "እንዲሁ ነው" አለች።

አቶ ሽባባው እውቀታቸውን ሁሉ አወጡበት። ብሉን በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ አራገፉ። ቆዳውን ቅባት እያጠጡ፣ እያሹ፣ እንደ ገና አለሰለሱት። ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር በወስፌ ታግለው ፈቱት። የተበጠሱትን ሁለቱን ጫፎች አጋጥመው በጅማት ሰፏቸው። ስፌቱ እጅግ ያማረ ሆነ፤ ዓይን ካልተጠጋ አይታይም። ከዚያ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን በሚያገኝበት መስታወት ውስጥ አስቀመጡት። እንደ ጨረሱ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ደስታቸውን የሚያካፍሉት ሰው ስላልነበረ ለብቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የመምህር ይመኑ ሥራ ደግሞ ትርንጎ ነበረች። ከትምህርት በኋላ መስታወቱ አጠገብ ያቆማትና እሱ ራቅ ብሎ በሩ ላይ ይቀመጣል።

"ለእኔ አትንገሪኝ" ይላታል። "እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ አልሰማሽም። ለአንቀልባው ንገሪው።"

ትርንጎ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነገረችው። ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ፣ ዛጎል ከባሕር ዳርቻ በነጋዴ ጀርባ እዚህ ድረስ እንዴት እንደሚመጣ፣ የመንደሩን አሮጊቶች እየዞረች ጠይቃ ያወቀችውን ሁሉ ነገረችው። ቀን በቀን ድምፅዋ ከፍ አለ። አንድ ቀን በሩ ላይ የተቀመጠው መምህር ሳይታወቀው፣ "ይህንንስ አላውቅም ነበር" አለ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችው። ሲሰማት እንደነበረ ገባት፤ ግን አልደነገጠችም።

ከዚያ በኋላ ለክፍሉ ተናገረች። ከሌላ ትምህርት ቤት ለመጡትም ተናገረች። ልጆች ትርንጎ የቆመችበትን አይተው አንዱ የቀንድ ዋንጫ፣ አንዷ የእንጨት ትራስ እያሉ አመጡ። አዳሙ እንኳ የአያቱን የንብ ማጨሻ ይዞ መጥቶ አጥሩ ቀዳዳ ጋ ጠበቃት።

"ስሚ፣ አንቺ ስትጀምሪ መጀመሪያ ምንድን ነው የምትዪው?" አላት በሹክሹክታ።

"ዝም ብዬ እቆማለሁ" አለችው ትርንጎ። አዳሙ ራሱን አከከ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ትርንጎ እናቷን፣ "ሙዚየም ውስጥ እናገራለሁ፣ ነይልኝ" አለቻት እንጂ ስለ ምን እንደምትናገር አልነገረቻትም። እናቷ አንቀልባውን ስታየው ደስ የሚላት፣ ሳትነግራት መውሰዷንም በዚያው የምትረሳው መስሏት ነበር። ወይዘሮ አትጠገብ ሽንኩርቷን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብላ፣ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ መጣች። ሰው ሞልቶ ስለነበር ከኋላ ቆመች። ከፊቷ ያሉት ሰዎች ስለጋረዷት መስታወቱ አይታያትም፤ ድምፁ ግን ይሰማታል።

ልጇ ተናገረች። ሳትንተባተብ፣ ሳታጎነብስ፣ መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው እስኪሰማ ድረስ ተናገረች። ወይዘሮ አትጠገብ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

"የማን ልጅ ናት እቴ፣ አፏ እንዲህ የቀና?" አለች አጠገቧ ያለች ሴት።

"የእኔ ናት" አለች ወይዘሮ አትጠገብ። በሕይወቷ ሳትጠየቅ መናገር የማትወድ ሴት፣ ያን ጊዜ ሌላም ሰው በጠየቀኝ ብላ ዞር ዞር አለች።

ሰዉ ገለል ሲል ወደ ፊት ሄደች። ልጇን ልታቅፍ ነበር የሄደችው። አንቀልባውን አየችው። ፈገግታዋ መጀመሪያ እንዳለ ቆየ፣ ፊቷ ላይ የተረሳ ይመስል። ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገችና ጠፍሩን ከላይ ወደ ታች ተከተለችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መልሳ ከላይ ጀመረች።

"ትርንጎ፣ ቋጠሮውስ?"

"ጋሼ ሰፉት እማዬ። አሁን እንደ አዲስ ሆነ።"

ወይዘሮ አትጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አቶ ሽባባው ወንበር ይዘው ሮጡ፤ አልተነሳችም። አላለቀሰችምም። መምህር ይመኑ የቀሩትን ወላጆች ወደ ውጭ ሸኝቶ ሲመለስ፣ ለልጇ እየነገረቻት ደረሰ።

"ሕፃን ሆነሽ ትኩሳት ያዘሽ። ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ ወንዙ ጋ ስንደርስ ጠፍሩ ተበጠሰ። አባትሽ ቋጠረልኝ። 'ለጊዜው ነው፣ ቤት ስንገባ አሳምሬ እሰፋልሻለሁ' አለኝ። አንቺ ዳንሽ። እሱ ድንጋይ የሚፈልጥበት ካባ ግን ያን ሰሞን ተናደበት። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ነው ልስፋልሽ ያለኝ። እምቢ እላለሁ። እሱ እሰፋልሻለሁ ብሎኛላ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ትርንጎ።

"አልጠየቅሽኝማ።"

አቶ ሽባባው ቆባቸውን አወለቁ። "እኔ እኮ ጠይቄ..." ብለው ጀመሩ። የትርንጎን ፊት ሲያዩ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት።

"እኔን ነው የጠየቁት" አለች ትርንጎ፣ በድሮው በጠፋ ድምፅዋ። "እንዲሁ ነው አልኳቸው።"

ከዚያ አቶ ሽባባው፣ "እመቤቴ፣ ስፌቱን ልፍታውና እንደነበረው ልቋጥረው?" አሉ።

"የእርስዎ ቋጠሮ ምን ያደርግልኛል?" አለች ወይዘሮ አትጠገብ። በቁጣ አይደለም የተናገረችው፤ ለዚህም ነው አቶ ሽባባው እስከ ዛሬ የማይረሱት። "አንቀልባዬን ስጡኝና ልሂድ።"

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው።

ወይዘሮ አትጠገብ የምትለው አጭር ነው። አንቀልባው የእሷ ነው። ልጇን አዝላበታለች፣ ባሏ በመጨረሻው ሰሞን እጁን ያሳረፈበት ነው፤ ማንም ሳያስፈቅዳት ከቤቷ ወጣ፣ ማንም ሳያስፈቅዳት ተፈታ። "ከጎታው ኋላ ብል ይጨርሰዋል" ቢሏት፣ "ይጨርሰው፣ በእኔ ቤት ይለቅ" አለች። እሷ ግን ያ ቋጠሮ ምን እንደሆነ ለገዛ ልጇ አንድ ቀን እንኳ ነግራ አታውቅም። "አልጠየቅሽኝማ" ያለቻት እሷው ራሷ ናት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ።

አቶ ሽባባው የሚሉት ሌላ ነው። አንቀልባው እሳቸው እጅ ባይገባ ኖሮ ዛሬ የሚጣሉበት ነገር አይኖርም ነበር። ወደ ጭሱና ወደ እርጥበቱ ከተመለሰ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል፤ የልጅ ልጆቿም ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁትም። "እዚህ ይቀመጥ። መቼም ሲያሰኝዎ ይምጡ፣ ቁልፉን ለእርስዎ እሰጣለሁ፣ ያውጡት፣ ይታቀፉት" አሉ። ቁልፋቸውን ለሰው ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግን ያን ቋጠሮ የፈቱት በገዛ እጃቸው ነው፤ ለአንድ ልጅ የቀረበች አንዲት ጥያቄ በቂ ናት ብለው።

መምህር ይመኑም የሚለው አለው። አንቀልባው ጎታ ኋላ ቢገባም መስታወት ውስጥ ቢቀርም ለእሱ ያው ነው። በተራራው ማዶ ሙዚየም የማያውቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። አንቀልባው በሣጥን ሆኖ እየዞረ፣ ልጆች በእጃቸው እየዳበሱት፣ ትርንጎም እየተናገረችለት እንዲማሩበት ቃል ገብቶላቸዋል። "እትዬ አትጠገብ፣ የልጅዎን ድምፅ ያወጣው ይህ ዕቃ ነው። የእሷን ያህል ዝም ያሉ ስንት ልጆች አሉ መሰለዎት?" አላት። አቶ ሽባባው፣ "በስንት እጅ ተዳብሶ ስንት ወር ይቆያል?" ሲሉት፣ "ሠርቶ ይለቅ እንጂ" አላቸው። ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ ሲጣሉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ግን ሥራ የፈታውን አምጡ ያለው እሱ ነው። እናታችሁን ጠይቁ አላለም።

ትርንጎ መሐላቸው ቆማ አንዱ ሲናገር ወደ አንዱ ትዞራለች። እያንዳንዳቸው ሲናገሩ እውነት ይመስላታል። ሁሉም ሲናገሩም አንዴ እንኳ እሷን አልወቀሷትም፤ ቢወቅሷት ይቀላት ነበር። ያን ጥርት ያለ "እንዲሁ ነው" ብትመልሰው ወደደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ድምፅ የተናገረችው ቃል ሁሉ ከዚያ የመጣ መሰላት፤ የሰው ጭብጨባም፣ የእናቷ "የእኔ ናት" ማለትም።

በመጨረሻ ወይዘሮ አትጠገብ ተነሳችና ነጠላዋን አራገፈች።

"ከቤት ያወጣሽው አንቺ ነሽ" አለቻት። "እኔ ከሰው እጅ ነጥቄ አልሄድም። ያሰኘሽን አድርጊ። ለማንም ብትሰጪ አልቀየምሽም።"

ይህን ስትል ከሌሎቹም መካከል ከእናት ልንጠቅ የሚል አልተገኘም። መምህር ይመኑ፣ "እሷ ትፍረድ" አለ። አቶ ሽባባው መስታወቱን ከፈቱ። አንቀልባውን በሁለት እጃቸው አንስተው ትርንጎ ክንድ ላይ አኖሩት።

ቀላል ነበር። ትርንጎ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም፤ ስታመጣው በጆንያ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም የምታየው በመስታወት ነው። አንድ ጊዜ ራሷ ሙሉዋን እዚህ ውስጥ ገብታ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ወንዝ ተሻግረዋል። ቆዳው ለስልሷል። ዛጎሎቹ ያንጸባርቃሉ። እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ ውጭ ውጭውን ታያለች። አቶ ሽባባው ባዶውን መስታወት ያያሉ። መምህር ይመኑ ጫማውን ያያል። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ለእናቷ ብትሰጥ፣ የተሰፋውን ጠፍር ወደ ቤት ይዛ ትሄዳለች፤ ያጣችውን ግን አታገኘውም፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ዕቃቸውን መውሰድ ይጀምራሉ፣ አጥሩም እንደ ድሮው አጥር ይሆናል። ለአቶ ሽባባው ብትሰጥ፣ አንቀልባው እሷንም እናቷንም አልፎ ይኖራል፤ እናቷ ግን የባሏን ነገር ለማየት የሰው በር ታንኳኳለች። ለመምህር ይመኑ ብትሰጥ፣ ድምፅ የሌላቸው ልጆች ይናገሩበታል፤ እያንዳንዱ እጅ ግን ጥቂት ጥቂት ይዞበት ይሄዳል።

ትርንጎ አንድ እርምጃ ተራመደች። ወደ ማን እንደተራመደች ሰንበሌጥ ውስጥ ያላወቀ ሰው የለም፤ ግን ለእንግዳ አይነግሩም፣ መጀመሪያ አንተስ ብትሆን ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ይህንኑ እንጠይቃለን።

አንቀልባው የእናቲቱ ነው፣ ሕይወቱ የአቶ ሽባባው ነው፣ በእሱ የተገኘው ድምፅ የመምህር ይመኑ ነው። በትርንጎ ክንድ ላይ ያለው እናንተ ክንድ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ለማን ይገባል ትሉ ነበር?